ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ መቃብር የሌለውስ?

አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ብለው ሲናገሩ ሁለት ነገር አስቀድመው ተቀብለዋል። አንደኛው፤ የሞተው ሰው ስም አለው። ሁለተኛው፤ መቃብር አለው። ስም ከላይ የሚውለው መቃብሩ ከሥር ሲኖር ነውና። ታዲያ ከሰማይ ወድቆ የቀረ፤ ዐፅሙ ያልተሰበሰበ፤ ቤተሰቡ ልቅሶ ይቀመጥለት ወይም ደጅ ደጁን ይይለት እንደ ሆነ ያላወቀ ሰው ስሙ በምን ላይ ይዋል? ደግሞስ ከዚያው ሰማይ በወረደ ቦምብ በገበያ መካከል የቀረው ገበሬ፤ የገበያ ዘንቢሏን እንደ ያዘች የወደቀችው እናት፤ ስማቸው በምን ላይ ይዋል?

የዚህ ጽሑፍ ክርክር ስለ እነዚህ ሁለት ዐይነት ሰዎች ነው። ቦምብ ሊጥል ሄዶ ያልተመለሰውን አይሮፕላን ነጂ «ስሙን አታንሡ» ከሚሉት ጋር አልስማማም። ነጂውን እያመሰገኑ ከበታቹ የሞተውን ለመርሳት ከሚወዱትም ጋር አልስማማም። ሁለቱ ወገኖች ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ የሚሠሩት ስሕተት አንድ ነው፤ ከአንዱ የሐዘን ድንኳን ገብተው ሌላውን ይዘጋሉ።

ነገሩን ከሩቅ አገር እንጀምር። በኢጣልያ ደቡብ በሬጆ ካላብሪያ ከተማ አንድ የአይሮፕላን ማረፊያ አለ። ስሙ ቲቶ ሚኒቲ ይባላል። ይህ ሚኒቲ የካላብሪያ ተወላጅ የሆነ የጦር አይሮፕላን ነጂ ነበር፤ ታኅሣሥ 16 ቀን 1928 ዓ. ም. በኦጋዴን በደጋሐቡር አቅራቢያ አይሮፕላኑ ወርዶ እርሱና ጓደኛው ተገደሉ። ስለ አሟሟታቸው በጊዜው ብዙ ተወራ፤ ብዙም ተካካዱበት። የፋሽስት ጦር ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀም። አራት ቀን ቈይቶ ታኅሣሥ 20 ቀን በመልካ ዲዳ የቆመውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በአይሮፕላን ደበደበ፤ ይህም የነጂው ብቀላ መሆኑን የሚናገር ወረቀት ከሰማይ በተነ። በድንኳን ተኝተው የነበሩ ቁስለኞች ዐለቁ፤ ከስዊድናውያኑም አስታማሚው ጉናር ሉንድስትሮም ሞተ። አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ በዚያ ማረፊያ የሚወርድ መንገደኛ የሚኒቲን ስም በደጁ ላይ ያነባል። በመልካ ዲዳ የሞቱት ቁስለኞች ስም ግን በዚያ ደጅ አልተጻፈም።

ሰው የወገኑን ሙት ማስታወሱ ነውር አይደለም። ነውሩ ግማሹን ብቻ ማስታወስ ነው። እኛስ? እኛ የራሳችንን ግማሽ እንኳ በቅጡ ይዘናልን?

ከጣራ ገዳም ተራራ ላይ ቆሞ የተመለከተ ሰው የክርክሩን ክብደት በዐይኑ ያየዋል። ከኋላው የጥድና የወይራ ደን አለ፤ ከእግሩ በታች አዲስ ዘመን ከተማ ትታያለች፤ ከዚያም ወዲያ የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ተዘርግቷል፤ ርብና ጉማራ ያጠጡታል፤ ወረታ የጎንደርንና የደብረ ታቦርን መንገድ ታገናኛለች። ሜዳው ለሩዝና ለከብት የተመቸ ነው። ነገር ግን ሰማይ ጠላት በሆነበት ዘመን ሜዳ መደበቂያ የለውም። በአምስቱ የጠላት ዘመን የበጌምድር ሰው አይሮፕላን ምን እንደ ሆነ የተማረው ከትምህርት ቤት አይደለም። ቀን ጢስ ማንሣት፤ ከብት በሜዳ ማሰማራት፤ ለሠርግ መሰብሰብ፤ ይህ ሁሉ ወደ ላይ እያዩ የሚሠራ ነገር ሆኖ ነበር።

ከዚሁ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ቁልቋል በር አለ። የኢጣልያ ጦር በኢትዮጵያ ምድር የመጨረሻውን ብርቱ መከላከል ካደረገባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው። ብዙ ቀን ከሰማይና ከምድር ከተደበደበ በኋላ ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ. ም. በቅዱስ ሚካኤል ዕለት ተያዘ፤ ኅዳር 18 ቀን ጎንደር እጅዋን ሰጠች። የኢጣልያ ካራቢኒየሪ ጦር ይህን ዕለት እስከ ዛሬ በየዓመቱ ያከብረዋል፤ በሮም አደባባይ የቁልቋል በር ስም ይጠራል። እኔ የምጠይቀው ለአዲስ ዘመንና ለወረታ ተማሪ ነው። ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሆነው በዚያ በር የወደቁትን የበጌምድር አርበኞች ስም ስንቱን ትቈጥራለህ? በኢጣልያ ሰልፍ ገብተው እዚያው የሞቱትን የአበሻ ወታደሮችስ? ጠላታችን በእኛ ተራራ ላይ ሙቱን ሲዘክር እኛ በገዛ ተራራችን ላይ ሙታችንን ብንረሳ ጥፋቱ የማን ነው?

የአይሮፕላን ታሪካችን ከመጀመሪያው የተወጊ ታሪክ ነው። ጦርነቱ በተከፈተበት ዕለት፤ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ. ም.፤ ዐድዋ ከሰማይ ተደበደበች። ኅዳር 26 ቀን ደሴ ተደበደበች፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካኖች ሆስፒታልም ተመታ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ራሳቸው በመትረየስ ወደ ላይ ተኰሱ። ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ በተከዜ በኩል የሰናፍጭ ጋዝ ወረደ። መጀመሪያ በበርሜል ይወረወር ነበር፤ በኋላ ግን በአይሮፕላኑ ላይ በተገጠመ መርጫ እንደ ጤዛ ይነሰነስ ጀመር፤ በሰውና በከብት፤ በወንዝና በግጦሽ ላይ ዐረፈ። ይህን ክፉ መርዝ እ. ኤ. አ. በ1925 በጄኔቫ የተፈረመው ውል ይከለክለው ነበር፤ ኢጣልያም ፈርማለች። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ. ም. በጄኔቫ ለመንግሥታት ማኅበር ይህን ሁሉ ተናገሩ። የኢጣልያ የመከላከያ ሚኒስቴር ግን ጋዙ በእርግጥ መጣሉን ያመነው እ. ኤ. አ. በ1996 ነው፤ ስድሳ ዓመት ቈይቶ ማለት ነው። የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ደግሞ በዚያ ጦርነት በነጂነት ሠርቶ ሲመለስ የቦምቡን መፈንዳት እንደ ጨዋታ የሚያጣጥም መጽሐፍ አሳተመ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የተባለው ለዚህ ነው።

በዚያ ጊዜ የእኛ የአየር ኃይል ምን ነበር? በጣት የሚቈጠሩ አይሮፕላኖች ነበሩ፤ አብዛኞቹም መልእክተኛና ቁስለኛ የሚያመላልሱ እንጂ የሚዋጉ አልነበሩም። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ነጂዎች ናቸው። ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን ያለ መትረየስ አይሮፕላን እየነዳ በግንባርና በአዲስ አበባ መካከል ተመላለሰ። ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የቀይ መስቀል አይሮፕላን ነዳ፤ ከነጻነት በኋላም ተመልሶ የአየር ኃይላችንን ካቋቋሙት አንዱ ሆነ፤ በሸመገለ ጊዜ በራብ ለተጐዳው ሕዝብ እህል ከአይሮፕላን ሲጥል ቈየ፤ በመጨረሻም ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ. ም. በጎዴ በሶማሊያ ጦር ጥቃት ሞተ። ይህ ሰው በአንድ ዕድሜው ከአይሮፕላን መድኃኒትም እንጀራም ሊወርድ እንደሚችል አሳይቷል።

ያለ አይሮፕላን የቀሩት ወጣቶች ደግሞ በሌሊት ተጓዙ። ከሰኔ 19 ለ20 አጥቢያ 1928 ዓ. ም. የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ካዴቶች ያሉበት የጥቁር አንበሳ ጦር በነቀምቴ አቅራቢያ በቦናያ ያረፉትን የኢጣልያ አይሮፕላኖች ከብቦ አቃጠለ። ጄኔራል ማልዮኮ፤ ኮሎኔል ካልዴሪኒና ስመ ጥሩው ነጂ ሎካቴሊ በዚያ ሌሊት ሞቱ። የእኛ የመጀመሪያው የሌሊት የአየር ዘመቻ በእግር የተደረገ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በኢጣልያ የተወሰደብን አይሮፕላን እንኳ ስሙን ይዞ ተመልሷል። በ1928 ዓ. ም. ገደማ በአዲስ አበባ በጀርመናዊው መሐንዲስ በሉድቪግ ዌበር የተሠራችው «ፀሐይ» የተባለችው ትንሽ አይሮፕላን በምርኮ ወደ ኢጣልያ ሄዳ በሙዚየም ቈይታ በጥር ወር 2016 ዓ. ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ደስ ብሎናል፤ ይገባልም። ነገር ግን የእንጨትና የብረት ዕቃ ከሰማንያ ዓመት በላይ ተጠይቆ ሲመለስ፤ ሥጋና ደም የነበረውን ሰው «የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ድምፅ ለምን አነሰ?

ስም ልጥራ። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ለገሠ ተፈራ የተባለው የኤፍ-5 ነጂ ተመትቶ ተማረከ፤ በሶማሊያ እስር ቤት 11 ዓመት ቈይቶ በ1980 ዓ. ም. በእስረኞች ልውውጥ ወደ አገሩ ገባ። እርሱ ተመለሰ፤ ጀግናም ተባለ። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ግን አልተመለሰም። ቀደም ባለው የእርስ በርስ ጦርነት አንድ ጊዜ በሻዕቢያ እጅ ወድቆ የተለቀቀ ሰው ነው። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ግንቦት 29 ቀን 1990 ዓ. ም. የአስመራን አይሮፕላን ማረፊያ ለመደብደብ ሄዶ ተመታ፤ በጃንጥላ ወርዶ ሁለተኛ ተማረከ። መማረኩ በዓለም ሁሉ ታየ። በ1993 ዓ. ም. የአልጀርስ ስምምነት ተፈርሞ እስረኞች ሲለዋወጡ እርሱ ከተመለሱት መካከል አልነበረም። በሐምሌ ወር 2010 ዓ. ም. በአስመራ የሰላም መግለጫ ተፈረመ፤ እርሱ በወደቀባት ከተማ ላይ ከአዲስ አበባ የተነሣ የመንገደኛ አይሮፕላን ዳግመኛ አረፈ፤ ዘመድ ከዘመዱ ተቃቅፎ አለቀሰ። ስለ በዛብህ ግን አንድ ይፋ ቃል ከአስመራ አልመጣም። በአገራችን ባህል ሞት መርዶ አለው፤ መርዶ ነጋሪ ሽማግሌ አለው፤ በማለዳ የሚንኳኳ በር አለው። መርዶ ያልተነገረለት ሰው ሙትም ሕያውም አይደለም፤ ቤተሰቡም ሐዘነተኛም ደስተኛም አይደለም።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተከራካሪ ይነሣል። «ይህ ሰው ቦምብ ሊጥል የሄደ ነው፤ ቦምብ የሚጥል ሰው ምን መታሰቢያ ይገባዋል? ሆድ ይፍጀው ብሎ ማለፍ ነው የሚሻለው» ይላል። የዚህ ተከራካሪ ሐሳብ ከከንቱ የሚቈጠር አይደለም። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ. ም. ረቡዕ ዕለት በሐውዜን ገበያ ላይ የወረደውን እናውቃለንና። ያን ዕለት የጣሉት አይሮፕላኖች የጠላት አልነበሩም፤ የገዛ አገራችን ነበሩ። የሞተውም ሰው በብዙ መቶ ሳይሆን በሺህ ይቈጠራል። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ. ም. ደግሞ የኤርትራ አይሮፕላን በመቀሌ ቦምብ ጥሎ በዓይደር ትምህርት ቤት ሕፃናትን ገደለ፤ የሁለቱን አገሮች ጕዳይ ያየው የካሣ ኮሚሽንም ኤርትራን ተጠያቂ አድርጓል። የበዛብህ መማረክ የዚህ ማግስት ነው። አንድ ሰው «ከሰማይ ለሚመጣ ሁሉ ልቤ ተዘግቷል» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ቢሆንም መልሱ ይህ ነው። ማስታወስና ማመስገን አንድ አይደሉም። ታሪክ ጸሐፊ ክፉውን ነገር የሚጽፈው ሊያመሰግነው አይደለም፤ እንዳይካድ ነው። የነጂው ስም፤ የተነሣበት ሰዓት፤ የተሰጠው ትእዛዝ፤ የወደቀበት ስፍራ ካልተጻፈ ከበታቹ የሞቱትም ሰዎች አሟሟት አይጻፍም። «ማን ላከው? ወደ ምን ላከው?» የሚለው ጥያቄ ከነጂው ጋር አብሮ ይቀበራል። ሆድ ይፍጀው ማለት ለተጐዳው የሚጠቅም መስሎት የሚናገር ሰው አዛዡን ነጻ ማውጣቱን ልብ አላለም። ደግሞም ማረፊያ ለመደብደብ የሄደና ገበያ ለመደብደብ የሄደ ነጂ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም፤ የሚለያያቸው መዝገብ ብቻ ነው። መዝገብ ከሌለ ግን ሁሉም «አይሮፕላን ነጂ» በሚል አንድ ጨለማ ውስጥ ይቀራሉ።

ሁለተኛው ተከራካሪ ደግሞ በተቃራኒው ይቆማል። «ለአገሩ ሞቷል፤ ሙት ወቃሽ አትሁኑ፤ ከበታቹ ስለ ነበረው ሰው ማንሣት የጀግናን ስም ማጕደፍ ነው» ይላል። ለዚህ ሰው የምመልሰው፤ የአንተ ሐሳብ ሬጆ ካላብሪያ ደጃፍ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ሂድና አንብበው የሚል ነው። የሚኒቲን ስም በደጁ ላይ የጻፉት ሰዎች ያሰቡት ልክ አንተ እንዳሰብከው ነው። የእኛ ሐውልት የእነርሱን የሚመስል ከሆነ በምን በለጥናቸው? በሌላ ወገን ላይ ሲሆን ግፍ የምንለውን በእኛ ወገን ሲሆን ክብር ብንለው ያ ፍርድ ሳይሆን አድልዎ ነው። ጀግንነት እውነት የሚያጐድፈው ነገር ከሆነ ጀግንነት አልነበረም።

በዚህ ነገር ሌላው ዓለም ከእኛ ቀድሞ ተፈትኗል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ የቦምብ ጣዮች ጦር በሌሊት ወደ ጀርመን ይዘምት ነበር። አንድ ላንካስተር የተባለ አይሮፕላን ሰባት ሰው ይይዛል፤ ነጂው፤ መሐንዲሱ፤ መንገድ መሪው፤ ቦምብ ጣዩ፤ ራዲዮ ሠራተኛውና ሁለት ተኳሾች። መብራት ሁሉ ጠፍቶ በብርድና በጨለማ ብዙ ሰዓት ይበራሉ። የፍለጋ መብራት ከያዛቸው ወይም የጠላት አዳኝ አይሮፕላን ከሆዳቸው በታች ከገባ ብዙ ጊዜ ሰባቱም አብረው ይቀራሉ። ከ125,000 ያህል የበረራ ሠራተኞች 55,573 ሞቱ። አብዛኞቹ በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ የነበሩ ልጆች ነበሩ። ባሕር የበላቸው፤ ረግረግ የዋጣቸው፤ ከእሳት የተረፈ አንድ አጥንት ያልተገኘላቸው ብዙ ናቸው። በለንደን አጠገብ በራኒሚድ በ1946 ዓ. ም. በተመረቀው መታሰቢያ ላይ መቃብር የሌላቸው ከ20,000 በላይ አየረኞች በየስማቸው ተቀርጸዋል። መቃብር ለሌለው ስም ድንጋይ ሰጡት።

ነገር ግን እነዚህ ልጆች የጣሉት ቦምብ በሀምቡርግና በድሬስደን ያደረገውን ዓለም ያውቃል፤ በድሬስደን ብቻ የሞተው እስከ 25,000 ይደርሳል። ስለዚህ አገራቸው ለቦምብ ጣዮቹ በስማቸው ትልቅ ሐውልት ለማቆም ብዙ ዘመን አመነታች። የኋላ ኋላ ሰኔ 21 ቀን 2004 ዓ. ም. በለንደን ግሪን ፓርክ ሐውልቱ ተመረቀ። በላዩም ከተጻፈው መካከል፤ እ. ኤ. አ. ከ1939 እስከ 1945 በቦምብ ድብደባ ለሞቱት የአሕዛብ ሁሉ ወገኖች ጭምር መታሰቢያ መሆኑን የሚናገር ቃል አለ። ሰባት ሰው ተቀምጦ የሄደበትንና በታች ተኝቶ የነበረውን አንድ ድንጋይ ያዛቸው። የሚዘገየው ነገር ቢዘገይም የሚሠራበት መንገድ ይህ ነው።

ለዚህ ምሳሌ ለንደን ድረስ መሄድም አያስፈልገንም። በጎንደር ሰማይ ላይ ተደርጓል። ጥቅምት 14 ቀን 1934 ዓ. ም. ኢልደብራንዶ ማላቮልታ የተባለው የኢጣልያ ነጂ በጎንደር ከተረፉት ሁለት ተዋጊ አይሮፕላኖች በአንዱ ተነሥቶ ሲዋጋ፤ ሆፕ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ነጂ መትቶ ጣለው። በምሥራቅ አፍሪካው ዘመቻ በአየር ላይ በተደረገ ውጊያ የወደቀ የመጨረሻው አይሮፕላን ይህ ነው። በማግስቱ ሆፕ በዚያው ሰማይ ተመልሶ በኢጣልያኖች ምሽግ ላይ አንድ መልእክት ጣለ። መልእክቱ የሞተው ነጂ ደፋር ሰው እንደ ነበረ የሚመሰክርና ከደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ለእርሱ የተላከ የክብር ቃል ነበር። ቦምብ ይወርድበት በነበረው አየር ወረቀት ወረደ። ገዳዩ ለሟቹ መርዶ ነጋሪ ሆነ። ሆፕ ይህን ሲያደርግ የፋሽስትን ዐላማ አላመሰገነም፤ ጦርነቱንም አላቆመም፤ ከአንድ ወር ጥቂት ቀን በኋላ ጎንደር ተያዘች። ሰውን ከዐላማው ለይቶ ማየት ፍርድን እንደማያላላ በእኛው ሰማይ አሳየ። ጠላት ለጠላቱ ያደረገውን ወገን ለወገኑ ማድረግ ቢያቅተው ምን ይባላል?

ሃይማኖታችንም ቢሆን የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። ካህኑ በጸሎተ ፍትሐት የሚጠራው የሟቹን የክርስትና ስም ነው፤ ኮሎኔል ይሁን ገበሬ ማዕርጉን አይጠይቅም። ሙስሊሙም አስከሬን በሌለበት ለሟቹ የሚሰግደው ሶላት አለው። እንደ ጣራ ገዳም ያሉ ደብሮቻችንና ገዳማቶቻችን ስምን ከመጥፋት ያዳኑት በዚህ ነው፤ ነገሥታት የሠሩት ግንብ ሲፈርስ በብራና ላይ የተጻፈ የአንድ መነኵሴ ስም ቀርቷል።

ስለዚህ ወደ ሥራው እንምጣ፤ ነቀፋ ብቻውን እርሻ አያርስምና።

በመጀመሪያ፤ ሥልጣን ላላችሁ። ከ1928 ዓ. ም. ጀምሮ በበረራ ላይ የሞቱና የጠፉ ኢትዮጵያውያን ሁሉ፤ ነጂው ብቻ ሳይሆን መሐንዲሱና ተኳሹ፤ ጃንጥላ ዘላዩና የምድር ሠራተኛው ጭምር፤ ሕዝብ ገልጦ ሊያየው በሚችል አንድ መዝገብ ይጻፉ። በመዝገቡ ትይዩ ገጽ ላይ ደግሞ በዐድዋና በደሴ፤ በሐውዜንና በዓይደር፤ ከ2013 እስከ 2015 ዓ. ም. በነበረው የሰሜኑ ጦርነትም ይሁን በሌላ ስፍራ በአየር ድብደባ የሞቱት ሰላማውያን ሰዎች ይጻፉ። ማን አዘዘ፤ ማን ጣለ ሳይባል አይቅር። አንዱ ገጽ ያለ ሌላው አይታተም።

ሁለተኛ፤ የጠፉትን መጠየቅ ልመና አይደለም፤ ሕግ ነው። እ. ኤ. አ. በ1977 የወጣው የጄኔቫ ስምምነቶች ተጨማሪ ፕሮቶኮል በ32ኛው አንቀጽ ቤተሰብ የዘመዱን ዕጣ የማወቅ መብት እንዳለው ይናገራል። ከጎረቤት አገር ጋር የሚቀመጥ ተደራዳሪ ስለ ወደብና ስለ ንግድ በሚነጋገርበት ጠረጴዛ ላይ «በዛብህ ጴጥሮስ የት ነው?» የሚል አንድ መስመር ቢጨምር ወረቀቱ አይከብድበትም። ከሞተ መርዶው ይነገር፤ ዐፅሙ ይምጣ። እኛም ደግሞ በእጃችን ስለ ቀሩት የሌላ ወገን ሰዎች ስንጠየቅ በዚያው ልክ እንመልስ።

ሦስተኛ፤ ስም አወጣጥ። የጎንደሩ ማረፊያ በዐፄ ቴዎድሮስ፤ የባሕር ዳሩ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ፤ የመቀሌው በአሉላ አባ ነጋ ይጠራል። መልካም ነው። ነገር ግን ከእነዚህ አንዱም በአየር ላይ የሞተ ሰው አይደለም። ለወደፊቱ ለአየረኛ ስም ሲሰጥ የሚኒቲ ደጅ ስሕተት አይደገም፤ ከስሙ ሥር የተሰለፈበት ጦርነትና የጦርነቱ ዋጋ በአጭር ቃል ይጻፍ።

አራተኛ፤ መምህራን ሆይ። የታሪክ ፈተና ዓመተ ምሕረት በማስቈጠር ብቻ አይለቅ። የአዲስ ዘመን፤ የወረታና የደብረ ታቦር ተማሪ ከቤቱ ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጦ፤ «በሰፈራችን ከአይሮፕላን የተነሣ የሞተ ማን ነው? ስሙ፤ የአባቱ ስም፤ ቀኑ?» ብሎ ጠይቆ ይጻፍ። በደርግ ጊዜ ጦርነት በደብረ ታቦር ዙሪያ የነበረውን ገና የሚያስታውሱ ሰዎች በሕይወት አሉ። ሽማግሌ ሲሞት ግን መዝገቡ አብሮ ይዘጋል። ዘንድሮ ያልተጠየቀ አባት ለከርሞ ላይገኝ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በዛሬው ጊዜ ነጂ የሌለው አይሮፕላን ሰማዩን እየያዘ ነው። ነጂው በሩቅ ክፍል ተቀምጦ ያዘዋል፤ ቢወድቅም የሚሞት ሰው የለበትም፤ የሚያለቅስ ሚስትና እናት አይኖሩም። ከእንግዲህ በሌሊት ወጥቶ ያልተመለሰውን ነጂ የሚያስታውስ ሐውልት ላያስፈልግ ይችል ይሆናል። ከበታች ያለው ሰው ግን እንደ ዱሮው ይሞታል። ከላይ የሚጠፋ ወገን ሲኖር እንኳ ማስታወስ ያቃተው ሕዝብ፤ ከላይ ማንም በማይጠፋበት ዘመን በታች የሚጠፋውን ያስታውሳል ብሎ ማን ይተማመናል? ልማዱን ዛሬ ካልያዝነው ነገ የሚያስገድደን ነገር አይኖርም።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የተባለው እውነት ነው። መቃብር ለሌለው ግን ስሙ የሚውለው ሕያዋን በጻፉለት መዝገብ ላይ ብቻ ነው። መጻፉ የእኛ ፈንታ ነው፤ ነጂውም ገበሬውም ብራናና ቀለም ከእኛ እጅ ይጠብቃሉ።